የእንጨት ሞተር ጀልባ በድሬዳዋ ግቢ ሲሠራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በድሬዳዋ ግቢ የሚሠራ ጀልባ ውኃ የሚነካው ወይ በሐረማያ ሐይቅ፣ ወይ በጅቡቲ ባሕር ነው፤ እስከዚያው ግን ወራትን በደረቅና ሞቃት አየር ውስጥ ያሳልፋል። በአሜሪካ ክሪስ ክራፍት፣ በጣሊያን ደግሞ ሪቫ ያወጧቸው ማሆጋኒ በተባለ ቀላ ያለ እንጨት የተዋቡ ፈጣን ጀልባዎች ዛሬም ስለሚማርኩ፣ አምሳያቸውን በቤት ለመሥራት የሚያስችሉ ንድፎች ይገኛሉ። ይሁን እንጂ መመሪያዎቹ በአመዛኙ ቀዝቀዝ ያለና እርጥበት ያለው አየር ታስቦባቸው የተጻፉ በመሆናቸው፣ እኛ ዘንድ እንዳሉ ሲወሰዱ ያሳስታሉ።

ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ የሚያሻው የእንጨቱ እርጥበት ነው። ከደጋ የመጣ እርጥብ ዋንዛ ወይም ባሕር ዛፍ ቶሎ እንዲደርቅ ተብሎ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ፣ ውጭው ከውስጡ ቀድሞ ስለሚኮማተር ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ጣውላው በጥላ ሥር፣ አየር በሚያሳልፉ ቀጫጭን ርብራቦች ላይ ተደርድሮ፣ ጫፎቹ ቀለም ተቀብተው ቀስ ብሎ ሊደርቅ ይገባል። መድረሱን ለማወቅ አንዱን ጣውላ በየሳምንቱ መመዘን ይበቃል፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርሷል ማለት ነው። ተቃራኒው ስህተትም አለ፦ እጅግ የደረቀን ወፍራም ጣውላ ያለ ክፍተት አጣብቆ መግጠም። ጀልባው ውኃ ሲገባ እንጨቱ አብጦ መጋጠሚያውን ይገፋል። በእኔ አስተያየት እዚህ የሚሻለው አካሉን በኮምፔንሳቶ ሠርቶ፣ ለመልኩ ስስ ጣውላ ከላይ መለበጥና ሁሉንም ገጽ በኢፖክሲ፣ ማለትም ከማጠንከሪያ ጋር ሲቀላቀል በሚጠነክር ሙጫ፣ መድፈን ነው።

ለቤት ዕቃ የሚሸጠውን ኮምፔንሳቶ ግን ሳይፈትኑ መግዛት አይገባም። ቢ ኤስ 1088 የተባለውን የጀልባ ኮምፔንሳቶ ደረጃ የሚያሟላ ካልተገኘ፣ ትንሽ ቁራጭ ለጥቂት ሰዓታት አፍልቶ ማድረቅና ንብርብሩ ከተላቀቀ መተው ነው። ነጭ ኮላም ውኃ ውስጥ ሲቆይ ስለሚለሰልስ ለአካሉ መጋጠሚያ አይሆንም።

ኢፖክሲን በቀትር መበጥበጥ በድሬዳዋ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ስህተት ነው። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር የመጠንከሩ ፍጥነት በእጥፍ ገደማ ስለሚያድግ፣ በ25 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት የሚያሠራ ድብልቅ በ35 ዲግሪ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ያሠራል፤ በጠባብ ጣሳ ከተከማቸም ራሱ በሚያመነጨው ሙቀት እስከ መጨስ ይደርሳል። ስለዚህ በሰፊ ዕቃ አሳስቶ መዘርጋት፣ ዝግ ያለውን ማጠንከሪያ መምረጥና ሥራውን ወደ ማታ ማድረግ ያስፈልጋል። የማታው ጥቅም ጊዜ ማግኘት ብቻ አይደለም፦ ጠዋት አየሩ እየሞቀ ሲሄድ በእንጨቱ ውስጥ ያለው አየር ሰፍቶ ቅቡን በአረፋ ያበላሸዋል፣ ሲመሽ ግን ተኮማትሮ ኢፖክሲውን ወደ ውስጥ ይስበዋል።

ብዙ ሰው ጎኑን ለማሳመር ሲደክም ከሥር ያለውን ገጽ ይዘነጋል። ከኋላ በኩል ያለው የመጨረሻው አንድ ሦስተኛ ፍጹም ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ጀልባው ሲፈጥን አፍንጫውን ውኃ ውስጥ ይቀብራል፤ ወደ ውጭ ካበጠ ደግሞ አፍንጫው ያለማቋረጥ ይነሣል፣ ይወድቃል። አካሉ ተገልብጦ በሚሠራበት ጊዜ ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ እያጋደሙ በየቦታው መፈተሽ፣ ሞልቶ መፋቅ፣ ዳግም መፈተሽ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሆኖም ይህን ሥራ የሚተካ ነገር የለም።

ለባሕር ተራ የናስ ብሎን አይመከርም፤ ጨዋማው ውኃ በውስጡ ያለውን ዚንክ እየበላ ያሳሳዋል። የተሻለው ሲልከን ያለበት ነሐስ ነው። ኢፖክሲም ፀሐይ ስለሚጎዳው በላዩ ጨረር የሚከላከል ቫርኒሽ ደጋግሞ መቀባት ግድ ነው። የግቢው በር ከጀልባው ስፋት መብለጡንም ሥራው ሳይጀመር መለካት ይገባል።

በመጨረሻ ሞተሩ። ሐረማያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ቱርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በስሱ አየር ምክንያት በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት እያጣ እዚያ ሲደርስ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ይህን ለማካካስ ንድፉ ከሚፈቅደው የከበደ ሞተር መስቀል የጀልባውን ኋላ ያሰምጣል። ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበት ርቀት፣ ዝቅ ያለ ፕሮፔለር ለሐይቁ መግጠምና ወደ ጅቡቲ ሲወሰድ የቀድሞውን መመለስ ይሻላል፤ ሳይለወጥ ቢቀር ሞተሩ ባሕር ላይ ከተፈቀደለት ዙር በላይ ይሽከረከራል።