የአያት ደብዳቤና ማስታወሻ ጣና ዳር እንዴት ይጠበቃል?

አያቴ የአየር ኃይል መካኒክ ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የኮንጎ ተልእኮ አራት ኤፍ 86 ሴበር ጄቶች ስትልክ አብረው ሄዱ። ከዚያ ለሚስታቸው ለእማማ የጻፏቸው ደብዳቤዎች፣ ጥቂት ፎቶዎችና አንድ ሜዳሊያ ባሕር ዳር ቤታችን በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከ60 ዓመት በላይ ተቀምጠዋል። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሳጥን ካለ በሚከተለው መንገድ ያዙት።

መጀመሪያ ወቅት ምረጡ። በክረምት የሐይቁ እርጥበት ወረቀት ውስጥ ይገባልና ሳጥኑን አትክፈቱ። ጥቅምት ወይም ኅዳር ይሻላል። እጃችሁን ታጠቡ፣ በደንብ አድርቁ።

ደብዳቤን ከፖስታው አትለዩ። እኔና ወንድሜ ለይተን በቀን ልንደረድር ስንል ተምታታብን። ውስጡ «ታኅሣሥ 3 ቀን 1954» ይላል፣ የፖስታው ማህተም ደግሞ 1961። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ የእኛ፣ ሌላው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

አስቸጋሪው ነገር የታጠፈውን መዘርጋት ነው። የአየር መልእክት ወረቀት ስስ ነው። ዓመታት ታጥፎ ሲደርቅ እጥፋቱ ላይ እንደ ቅጠል ይሰበራል። እኔ ቸኩዬ የመጀመሪያውን ደብዳቤ በእጄ ገለጥኩት። እጥፋቱ ተሰበረ፣ መሃሉ ላይ አንድ መስመር ሙሉ ረገፈ። አያቴ የእናቴን ስም ለምን እንደመረጡት የጻፉበት መስመር ነበር። ፍርፋሪውን መሬት ላይ ብፈልግም መልሼ መግጠም አልቻልኩም።

ስለዚህ ወረቀቱ ቀስ ብሎ እስኪለሰልስ ታገሱ። በመጀመሪያ ቀለሙን ፈትኑ። በትንሹ የረጠበ ጥጥ አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ አስነኩ። ሰማያዊው ወደ ጥጡ ከወጣ በእንፋሎት አትንኩት፣ እንደታጠፈ አስቀምጡት። ሻጋታ ካለበትም እንዲሁ፤ አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ አድርቁት።

ቀለሙ ካልለቀቀ ክዳን ያለው ሰፊ ሳፋ ውሰዱ። ከታች በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ፎጣ አንጥፉ፣ ከላዩ የሽቦ ፍርግርግ፣ ደብዳቤውን ደግሞ ፍርግርጉ ላይ። ፎጣውን መንካት የለበትም። ክዳኑን ግጠሙና በየግማሽ ሰዓቱ እዩት። ወረቀቱ ሲለሰልስ ሳትጎትቱ ግለጡት። በሁለት ነጭ ወረቀት መሃል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት፣ ሦስት ቀን ተዉት። «ካውያ አድርጊበት» የሚላችሁ አይጠፋም። አትስሙት።

ከዚያ ስካን አድርጉ፤ ለደብዳቤ 300፣ ለፎቶ 600 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ) ይበቃል። ፎቶ ኮፒ ቤት ብትሰጡ መስታወቱ ላይ አንድ በአንድ እንዲያነሱት ንገሯቸው፣ ወረቀት በራሱ በሚስበው መጋቢ እንዳያስገቡት። ላሚኔሽን እንዳታስቡት! ሙቀቱ ይጎዳዋል፣ ፕላስቲኩም ከዚያ በኋላ አይነሳም። የተቀደደውንም በፕላስተር አትለጥፉ፣ ሙጫው ቆይቶ ቢጫ ይሆናል።

ሜዳሊያውን በአመድና በሎሚ አትፈትጉት። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ዝገት ያመጣሉና መርፌዎችንና ክሊፖችን ከወረቀቶቹ ላይ አውጡ።

ማስቀመጫው ላይ የጣና ገዳማትን አብነት አድርጉ። መጻሕፍታቸው በቆዳ ማኅደር ውስጥ ሆነው ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይኖራሉ፣ መሬት አይነኩም። እናንተም ሳጥኑን ከወለልም ከውጭ ግድግዳም አርቁ። በፌስታል አትጠቅልሉ፣ ውስጡ ያልበዋል። ብል እንዳይገባ ከክረምት ውጭ በየሁለት ወሩ ክፈቱና እዩት።

ከዚህ ሁሉ ግን አስቀድማችሁ የስልካችሁን ድምፅ መቅጃ አብሩና በሕይወት ያለውን ሽማግሌ ጠይቁ። እኔ በጣም ዘግይቼ ነው የጀመርኩት። እማማ ማንበብ አይችሉም። ደብዳቤዎቹን ያነበቡላቸው የሰፈሩ መሪጌታ ነበሩ። ግን ደጋግመው ስላስነበቡ ብዙውን በቃላቸው ይዘውታል። የተሰበረውን ደብዳቤ ሳነብላቸው የጎደለው ቦታ ላይ ስደርስ ዝም አልኩ። እሳቸው ቀጠሉት፦ «አራቱም አውሮፕላኖች በሰላም የተመለሱ ዕለት ነው የልጄን መወለድ የሰማሁት፣ ስሟም ከዚያ ይውጣ።»

በእርሳስ ጻፍኩት። ቅጂው ላይ ነው እንጂ ዋናው ላይ አይደለም።