ትኩስ ዓሣና የጓሮ አትክልት አንድ ላይ ሲገኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሞቃቱ ወቅት ሊያልቅ ሲል ጓሮ የሚሰጠው ነገር ይበዛል። ቲማቲሙ ተከታትሎ ይቀላል፣ ዝኩኒው ሁለት ቀን ሳያዩት ከቆዩ ክንድ ያክላል፣ ኪያሩ ፎሶሊያው ቃሪያው ሁሉም ባንዴ ነው የሚደርሰው። እዚህ ላይ በዕለቱ የተያዘ ዓሣ ከተጨመረ ከዚህ የሚበልጥ እራት የለም ብዬ ነው የማምነው። ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ምንድነው፣ እንዲህ ያለ ነገር እጃችን ገብቶ ሳህኑ ላይ ሲቀርብ ከማንኛውም ተራ ምግብ አይለይም፣ ያኔ ሰው የምግብ አሰራሩን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን በአብዛኛው እሳት ላይ ሳይጣድ በፊት ባሉት ሰዓታት ነው የሚፈጠረው። ዓሣ ብርድ ይፈልጋል፣ ቲማቲምን ደግሞ ብርድ ይገድለዋል፣ እኛ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ፍሪጅ ውስጥ እንከታቸዋለን።

ፍሪጅ ለዓሣ ይበቃል ብሎ ማሰብ

ፍሪጅ አብዛኛውን ጊዜ 4 ወይም 5 ዲግሪ ላይ ነው ያለው፣ ለስጋና ለወተት ጥሩ ነው። ዓሣ ግን በተለይ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ሰውነቱም ላዩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎችም ድሮም ብርድ የለመዱ ስለሆኑ 4 ዲግሪ ላይ ስራቸውን አያቆሙም። 0 ዲግሪ ላይ የተቀመጠ ዓሣ 5 ዲግሪ ላይ ከተቀመጠው በግምት እጥፍ ጊዜ ይቆያል፣ ይሄ ትንሽ ልዩነት አይደለም። 0 ዲግሪ ለማግኘት ደግሞ ልዩ ማሽን አያስፈልግም፣ እየቀለጠ ያለ በረዶ ራሱ 0 ዲግሪ ነው። ማጥለያ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አድርጉ፣ በረዶ ጨምሩበት፣ ዓሣውን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በረዶው መሃል አስቀምጡት፣ ከዛ ሁሉንም ፍሪጅ ውስጥ ክተቱ። የቀለጠው ውሃ ወደታች ይወርዳል፣ ዓሣው ውሃ ውስጥ አይዘፈቅም። ፊሌቶ ከሆነ በረዶውና ውሃው ስጋውን በቀጥታ ባይነካው ይሻላል ምክንያቱም ጣዕሙን አጥቦ ይወስደዋል። ዓሣውን ራሳችሁ አጥምዳችሁት ከሆነ ደግሞ ሆድ ዕቃውን ቶሎ አውጡ፣ እዛው ውሃው ዳር በረዶ ውስጥ ክተቱት፣ ፀሐይ ላይ በባልዲ ሁለት ሰዓት የቆየ ዓሣ ቤት ከደረሰ በኋላ ምንም ብታደርጉለት አይመለስም።

በማሽተት ብቻ መፍረድ

ማሽተቱ ትክክል ነው ግን ብቻውን አይበቃም። ሙሉ ዓሣ ከሆነ ዓይኑን እዩ፣ ጥርት ያለና ወጣ ያለ መሆን አለበት፣ ጭጋግ የለበሰና የጎደጎደ ከሆነ ቆይቷል። ጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገለጥ አድርጋችሁ ስንጥቡን ተመልከቱ፣ ደማቅ ቀይ ወይም ሮዝ ነው የሚፈለገው፣ ቡኒ ሲሆን ተዉት። በጣት ጫን ስታደርጉት ስጋው ተመልሶ መነሳት አለበት። ፊሌቶ ከሆነ ዓይንም ስንጥብም ስለሌለ ጠርዙ መድረቁን ወይም ቡኒ መሆኑን፣ ስጋው እየተሰነጣጠቀ መለያየቱንና ስሩ ነጣ ያለ ፈሳሽ መጠራቀሙን እዩ።

ያ "የዓሣ ሽታ" የምንለው ደግሞ የዓሣ ተፈጥሮ አይደለም። የባህር ዓሣ ሰውነት ውስጥ ሽታ የሌለው ነገር አለ፣ ዓሣው ከሞተ በኋላ ባክቴሪያ ያንን ትራይሜቲላሚን ወደሚባል ነገር ይቀይረዋል፣ የሚሸተው እሱ ነው፣ ስለዚህ ኃይለኛ ሽታ ካለ ጊዜ አልፏል ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ፣ ቱና፣ ማኬሬልና ሰርዲን የመሳሰሉት ሙቀት ላይ ከቆዩ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይጠራቀምባቸዋል፣ ይሄ ሁሌ በማሽተት አይታወቅም፣ ብታበስሉትም አይጠፋም፣ ፊት ያቀላል፣ ራስ ያሳምማል፣ ሰውነት ያሳክካል። መከላከያው ዓሣው ከተያዘባት ሰዓት ጀምሮ ማቀዝቀዝ ብቻ ነው፣ ሌላ የለውም።

ቲማቲሙን ከዓሣው አጠገብ ፍሪጅ ውስጥ መክተት

ይሄ በጣም የሚያናድደኝ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ወራት ሙሉ ውሃ አጠጥቶ፣ ደግፎ፣ ተባይ ተከላክሎ ያሳደገውን ቲማቲም መጨረሻ ላይ በገዛ እጁ ጣዕሙን ያጠፋዋል። የቲማቲም ጣዕም ስኳርና አሲድ ብቻ አይደለም፣ ትልቁ ክፍል ሽታው ነው፣ ያንን ሽታ የሚሰራው ደግሞ ፍሬው ራሱ ነው፣ ከተቆረጠም በኋላ ይሰራል። ከ12 ዲግሪ በታች ሲወርድ ስራው ይዳከማል። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት 5 ዲግሪ ላይ 7 ቀን የቆየ ቲማቲም ከፍሪጅ ወጥቶ ቢያርፍም እንኳን ሽታው ወደነበረበት አልተመለሰም፣ ቀማሾችም ለይተውታል። ስለዚህ ጥላ ያለበት ጠረጴዛ ላይ፣ የግንዱ በኩል ወደታች ሆኖ፣ ሳይደራረብ ይቀመጥ። በጣም በስሎ ነገ የሚፈነዳ ከሆነ አንድ ሁለት ቀን ፍሪጅ ችግር የለውም፣ ከመበስበስ ይሻላል፣ ግን ከመብላታችሁ ቀደም ብላችሁ አውጡት።

በሶብላም እንደዛው ነው፣ ብርድ ሲነካው ይጠቁራል፣ ግንዱን ውሃ ያለው ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ ውጪ ተዉት።

ሌላው ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነገር፣ ልትቀጥፉ ስትሉ ቲማቲሙን ውሃ በውሃ አታድርጉት። ከድርቀት በኋላ ድንገት ብዙ ውሃ ካገኘ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ጣዕሙም ይቀጥናል። ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር ደግሞ ትንሽ እንኳን ሮዝ የጀመረውን ቅጠፉና ቤት ውስጥ 20 ዲግሪ አካባቢ አስቀምጡት፣ ይበስላል፣ ፀሐይ አይፈልግም፣ መስኮት ላይ መደርደር አያስፈልግም።

እና የፍሬውን ዘር ያለበትን ዝልግልግ ነገር እባካችሁ አትጣሉት። ያን ጥልቅ የሆነ ጣዕም የሚሰጠው ግሉታሜት ከስጋው ይልቅ እዛ ነው የሚበዛው። ቲማቲሙን ከትፋችሁ ጨው ነስንሳችሁበት 15 ደቂቃ ብትተዉት የሚወጣው ውሃ ከትንሽ የወይራ ዘይት ጋር ተመትቶ ለዓሣው ከማንኛውም የተገዛ ሶስ የተሻለ ሶስ ይሆናል፣ እኔ ከዚህ ሌላ ሶስ ለትኩስ ዓሣ አላደርግም።

ዝኩኒው ትልቅ እስኪሆን መጠበቅ፣ መራራውን ደግሞ ዝም ብሎ መብላት

15 ወይም 20 ሳንቲሜትር ሲሆን ነው መቀጠፍ ያለበት። ከዛ ካለፈ ውስጡ ዘርና ውሃ ይሆናል፣ ቆዳው ይጠነክራል፣ ተክሉም ዘር ደረሰልኝ ብሎ አዲስ ፍሬ ማውጣቱን ይቀንሳል። ኪያርና ፎሶሊያም ያው ናቸው፣ ብትቀጥፏቸው ነው የሚጨምሩላችሁ።

አሁን ግን ትልቁን ነገር ልናገር። ዝኩኒ ወይም ዱባ መራራ ከሆነ አትብሉት። ሁለት ንክሻ ምን ያደርጋል አትበሉ። የዱባ ዝርያ ሁሉ ዱር በነበረበት ጊዜ ኩኩርቢታሲን የሚባል መርዝ ነበረው፣ ሰው ለረጅም ዘመን እየመረጠ አጠፋው፣ ግን ተመልሶ ይመጣል። በተለይ የሚመጣው ካለፈው ዓመት ፍሬ ዘር አስቀምጣችሁ ስትዘሩ ነው፣ አጠገቡ ለጌጥ የሚተከል መራራ ቅል ካለ ንቦች ያዳቅሏቸዋል፣ ያ ዘር ሲበቅል መራራ ፍሬ ይሰጣል። ማብሰል አያጠፋውም፣ ጨው አያጠፋውም፣ ቅመም ደግሞ ይሸፍነዋል እንጂ አይለውጠውም። ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን ውስጥ ጓሮ የበቀለ መራራ ዝኩኒ የበሉ አንድ አዛውንት ሞተዋል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ከማብሰላችሁ በፊት ጥሬውን ስስ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ በምላስ ሞክሩት፣ ከመረረ ትፉትና ፍሬውን ጣሉት፣ ከተክሉም ሌላ አትብሉ። ኪያር ላይ የሚታየው ቀለል ያለ ምሬት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከውሃ ጥምና ከሙቀት የሚመጣ ነው፣ ግንዱ ጋ ያለውን ጫፍ ቆርጦ መላጥ ይበቃዋል፣ ከዛም በኋላ ከመረረ እሱንም ጣሉት።

በቆሎውን ጠዋት ቆርጦ ማታ መቀቀል

እሸት በቆሎ ከተቆረጠባት ደቂቃ ጀምሮ ስኳሩ ወደ ስታርች እየተቀየረ ይሄዳል፣ ሙቀት ላይ ከሆነ ደግሞ በጣም ይፈጥናል። አንዳንድ አዳዲስ ዝርያዎች ቆይተውም ጣፋጭ ናቸው፣ የድሮዎቹ ግን አይጠብቁም። ዓሣው ሲዘጋጅ ሄዳችሁ ቁረጡት፣ ካልተቻለ ሽፋኑን ሳትልጡ ፍሪጅ ክተቱት፣ ለእሱ ብርዱ ጥሩ ነው።

ዓሣውን ቧንቧ ስር አጥቦ እርጥቡን መጥበሻ ላይ ማድረግ

ማጠቡ ባክቴሪያውን አያስወግደውም፣ ሲንኩ ዙሪያ ይረጨዋል እንጂ። ቅርፊትና ደም ካለበት በእርጥብ ሶፍት ጥረጉት፣ ከዛ በደረቅ ሶፍት ጫን ጫን እያላችሁ አድርቁት። ቆዳው እርጥብ ከሆነ የመጥበሻው ሙቀት ውሃውን በማትነን ያልቃል፣ ዓሣው በእንፋሎት ይበስላል፣ ይጣበቃል፣ ስትገለብጡት ይበጣጠሳል። የደረቀ ቆዳ፣ በደንብ የጋለ መጥበሻ፣ ዘይት፣ ቆዳውን ወደታች፣ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች በመጥበሻ ማንሻ ጫን አድርጉት እንዳይሸበሸብ፣ ከዛ አትነካኩት። ዝግጁ ሲሆን ራሱ ይለቃል። ከለቀቀ ገልብጡት፣ ካለቀቀ ጊዜው አልደረሰም።

ሎሚ ውስጥ ለሰዓታት መዘፍዘፍ

አሲድ የዓሣውን ፕሮቲን እንደ እሳት ያጠነክረዋል፣ ስለዚህ ሰዓታት ሎሚ ውስጥ ቆይቶ መጥበሻ ላይ የሚወጣ ዓሣ ሁለት ጊዜ የበሰለ ነው፣ አፍ ውስጥ ይደርቃል። ከእሳት ከወረደ በኋላ ጭመቁበት። ጨውን ግን ቀድሞ ማድረግ ጥሩ ነው፣ 20 ደቂቃ ቀደም ብሎ ከተነሰነሰ ስጋውን ጠንከር ያደርገዋል፣ ቆዳውን ከመጥበሳችሁ በፊት ግን እንደገና አድርቁት።

ሎሚ ጥሬ ዓሣን ከጥገኛ ትል ያጸዳል የሚለው ደግሞ ውሸት ነው። ትሉን የሚገድለው ሙቀት ወይም ብርቱ ብርድ ነው። ጥሬውን መብላት ለሚፈልግ ሰው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለስልጣን የሚያስቀምጠው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወይም ከዛ በታች ላይ 7 ቀን ነው፣ የቤት ፍሪዘር ደግሞ ብዙ ጊዜ እዛ አይደርስም። ስለዚህ ቤት ውስጥ አብስሉት።

እስኪደርቅ ማብሰል

ዓሣ ውሃ ተሸክሞት የሚኖር ስለሆነ እንደ በሬ ጠንካራ ጅማት አያስፈልገውም፣ ያለችው ትንሽ ጅማትም በዝቅተኛ ሙቀት ትቀልጣለች። የሚለሰልስ ነገር ስለሌለ ረጅም ጊዜ ማብሰል ምንም አይጠቅመውም። ከ60 ዲግሪ በላይ በሄደ ቁጥር ውሃውን ይለቃል፣ ሳልሞን ላይ የሚወጣው ነጭ ነገርም እሳቱ በዛ የሚል ምልክት ነው። ለደህንነት የሚመከረው መሃሉ 63 ዲግሪ እንዲደርስ ነው፣ ከእሳት ከወረደ በኋላ ሙቀቱ ትንሽ ስለሚጨምር ጥቂት ዲግሪ ሲቀረው ማውረድ ይቻላል፣ ለእርጉዝ፣ ለሕፃንና ለታመመ ሰው ግን ሳትቆጥቡ 63ቱን አድርሱ። ቴርሞሜትር ከሌለ በጣም ወፍራም የሆነበት ቦታ ላይ በቢላ ጫፍ ገለጥ አድርጉ፣ መስታወት የመሰለው ቀለም ጠፍቶ ስጋው በንጣፍ በንጣፉ የሚለያይ ከሆነ በስሏል፣ በቃ አውርዱት። ውፍረቱ 2 ሳንቲሜትር ተኩል ለሆነ ዓሣ 10 ደቂቃ አካባቢ የሚለው የቆየ ስሌት መነሻ ይሆናል፣ ሰዓቱ ላይ ብቻ ግን አትመኑ።

ሁሉንም አንድ ትሪ ላይ ባንዴ ማድረግ

ይሄ በጣም የተለመደ ነው፣ አንድ ትሪ ኦቨን ውስጥ ከቶ መገላገል። ቃሪያና ደበርጃን በ200 ዲግሪ ኦቨን ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋሉ፣ ዓሣው 10 ወይም 12 ይበቃዋል፣ ባንዴ ከገቡ ወይ አትክልቱ ጥሬ ነው ወይ ዓሣው አመድ ነው። በዛ ላይ ዝኩኒና ቲማቲም ውሃ ስለሚያወጡ ትሪው ኩሬ ይሆናል። አትክልቱን በሰፊው ዘርዝራችሁ ቀድማችሁ አስገቡ፣ ጠርዙ ቡኒ ሲጀምር ጎን ላይ ቦታ ክፈቱና ዓሣውን ጨምሩ። ዝኩኒውን ቆርጣችሁ ጨው ነስንሳችሁ ግማሽ ሰዓት ካቆያችሁትና ካደረቃችሁት ደግሞ ይጠበሳል እንጂ አይቀቀልም። ፎሶሊያ ለብቻው በብዙ የፈላ ውሃ፣ ለስለስ እስኪል፣ ጥሬውን ሆድ ስለሚያውክ አትብሉት።

ቅመም መደራረቡ ላይ ብዙ አልልም። ትኩስ ከሆነ ጨው፣ ዘይት፣ ሎሚ፣ አንድ ዓይነት ቅጠል። ነጭ ሽንኩርቱም ቢበዛ አንድ ፍንካች።

የተረፈውን እንደነገሩ ፍሪዘር መወርወር

ጓሮው ከሚበላው በላይ ሲሰጥ ፍሪዘር ነው መዳኛው። ፎሶሊያና የተፈለፈለ በቆሎ የፈላ ውሃ ውስጥ 3 ደቂቃ ገብተው ወዲያው በረዶ ውሃ ውስጥ ቀዝቅዘው ደርቀው ይገባሉ፣ ያለዚህ ፍሪዘር ውስጥም ሆነው ቀስ በቀስ ጣዕማቸውና ቀለማቸው ይሄዳል። ቲማቲም ግን እንዳለ ሙሉውን መክተት ይቻላል፣ ሲወጣ ለወጥና ለሶስ እንጂ ለሰላጣ አይሆንም፣ ቆዳውም በቧንቧ ውሃ ስር በቀላሉ ይገፈፋል።

ዓሣውን ደግሞ አየር እንዳያገኘው አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ ቀኑን ጻፉበት። ስታወጡት ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሌሊት ይቅለጥ። አየሩ ተመጥጦ የታሸገ ከሆነ ሳይቀልጥ በፊት ማሸጊያውን ክፈቱት፣ ምክንያቱም ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ዓሣ ላይ የሚገኘው ዓይነቱ፣ ኦክስጅን በሌለበት ከ3 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ጀምሮ መራባት ይችላል፣ ፍሪጅ አያቆመውም። መቀስ አንስቶ አንዱን ጎን መቅደድ ነው፣ ከዛ ሳህን ላይ አድርጎ ሸፈን ማድረግ።