መኪና በኋላ ማርሽ ሲያቆሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በፊት ገብቶ ማቆም ቀላል ነው፤ ጣጣው ሲወጡ ነው። ብሔራዊ ቴአትር ወይም አምባሳደር አካባቢ በሥራ መውጫ ሰዓት አፍንጫውን ወደ ውስጥ አድርጎ የቆመ ሹፌር ወደ ኋላ ሲወጣ፣ ግራ ቀኙ በቆሙ መኪኖች ስለሚጋረድ የሚመጣውን ሚኒባስም ሆነ የሚያልፈውን እግረኛ አያይም። በኋላ ማርሽ የገባ ግን መንገዱን ፊት ለፊት እያየ ይወጣል። ለማጅን የሚያስቸግረው ደግሞ መሪ ማዞሩ ሳይሆን ከየት መጀመር እንዳለበት አለማወቁና ጥድፊያው ነው።

ፍሬቻ ዘግይቶ ማብራት

ክፍት ቦታ እንዳዩ የቀኝ ፍሬቻ ያብሩና ፍጥነት ይቀንሱ። ከኋላ የተጠጋዎት ሚኒባስ ቦታውን አልፈው ሲቆሙ ተመልሰው እንደሚገቡ በምን ይወቅ? ነጩ የኋላ መብራት የሚበራው ማርሹ ከገባ በኋላ ነው፤ ያኔ እሱ ጀርባዎ ላይ ደርሷል። ከደረሰ ያሳልፉት። ክላክስ ቢያደርግም አይጣደፉ።

ሳያልፉ መጀመር

ዋናው ስህተት ይህ ነው። በቀኝ በኩል ጎን ለጎን በተደረደሩ መኪኖች መሀል ሊገቡ ነው እንበል። ለማጅ ቦታውን ትንሽ እንዳለፈ ቆሞ መሪ ይሰብራል (እስከ ጫፍ ያዞራል)፤ መኪናው ዞሮ ሳይጨርስ ጅራቱ መጀመሪያ ያለፈው መኪና ላይ ይደርሳል። ወደ ኋላ ስንሄድ መዞሪያው ያለው በኋላ ጎማዎቹ መስመር ላይ ነው፤ እንደ ቪትዝ ያለች ትንሽ መኪና እንኳ መሪዋ ሙሉ ለሙሉ ተሰብሮ ሩብ ዙር ለመዞር ከሦስት ሜትር በላይ ይፈጅባታል። ስለዚህ የኋላ ፓራውልትዎ የሚገቡበትን ቦታ ጨርሶ፣ ከዚያ ቀጥሎ የቆመውን መኪና ወርድ ሊያልፍ ሲል ይቁሙ። ሃይሉክስ የሚነዱ ከሆነ ከዚያም ይጨምሩ።

የጎን ርቀቱም አለ። ከተደረደሩት መኪኖች አፍንጫ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይራቁ። ተጠግተው ከጀመሩ የቀኝ የኋላ በርዎ የቀጣዩን መኪና ፓራውልት ይልሳል፤ በጣም ከራቁ ደግሞ አፍንጫዎ መንገዱን ይዘጋል።

የፊት ጥግን መርሳት

ሰው ወደ ኋላ ሲሄድ ዓይኑ ኋላ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ግን መሪው ወደ ቀኝ ተሰብሮ መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ፣ የግራ የፊት ጥጉ ወደ ውጭ ይወረወራል። በትንሽ መኪና እንኳ ይህ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። በግራዎ ሊያልፍ የሚሞክረውን መኪና የሚያገኘው ይህ ጥግ ነው፤ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ደግሞ ምሰሶውን። ፓራፋንጎዋ የተጫጫረ መኪና ካዩ ብዙውን ጊዜ ታሪኩ ይኸው ነው። የእይታ ቅደም ተከተል ይያዙ፦ የቀኝ ስፖኪዮ፣ የግራ ስፖኪዮ፣ የፊት ግራ ጥግ፣ እንደገና ቀኝ። አንዱ ላይ ከሁለት ሰከንድ በላይ አይቆዩ፤ መከታተል ካቃተዎት ፍጥነትዎ በዝቷል ማለት ነው።

ነዳጅ መስጠት

ሜዳ ላይ በኋላ ማርሽ ለመሄድ ነዳጅ አያስፈልግም። ማኑዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑን መኪናው መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ቀስ ብለው ይልቀቁና እዚያው ይያዙት፤ ሌላኛው እግርዎ ፍሬን ላይ ይሁን። ግማሽ ፍሪሲዮን ይዞ ነዳጅ መርገጥ ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል፤ ሽታው ይነግርዎታል። አውቶማቲክ ከሆነ ፍሬኑን ላላ ማድረግ ብቻ ይበቃል። የኤሌክትሪክ መኪና ፔዳል ግን ወዲያው ነው የሚመልሰው፤ ትንሽ ቢነካ ይዘላል። በዚያ ላይ ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከኋላ የሚያልፈው እግረኛ ላይሰማው ይችላል፤ ይሸሻል ብለው አይጠብቁ።

የመሪው ዙር መጥፋት

መሪው መሀል ላይ ሆኖ ወደ አንድ ጎን ሙሉ ለሙሉ ለመስበር በአብዛኞቹ መኪኖች አንድ ዙር ተኩል ያህል ይፈጃል። ቀጥ ለማድረግም ያንኑ ያህል ነው። ለማጅ አንድ ዙር ብቻ ይመልስና ቀጥ ብሏል ብሎ ይነዳል፤ መኪናው ግን አሁንም ይዞራል። በቀላሉ ያስታውሱት፦ በኋላ ማርሽ ጅራቱ የሚሄደው መሪው ወደ ዞረበት ነው። ግራ ከገባዎት ይቁሙና በመስኮት የፊት ጎማውን አይተው ይቀጥሉ። ቆሞ መሪ ማዞርንም አያዘውትሩ፤ ጎማውንም የመሪውን አካላትም ይበላል።

«ና ና ና»ን ማመን

የመሀል ከተማው የፓርኪንግ ልጅ ከኋላ ቆሞ «ና… ና… ስበር… መልስ… በቃ!» ይልዎታል። እርዳታው ጥሩ ነው፤ ግን ልጁ የሚያየው አንድ ጎን ብቻ ነው። የፊት ጥግዎን አያይም፤ «ስበር» ሲልም የትኛው ጎን እንደሆነ ሁልጊዜ አይናገርም። ደግሞ «በቃ» የሚለው ድምፅ ፓራውልቱ ከነካ በኋላ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ከመጀመርዎ በፊት መስኮት ዝቅ አድርገው «ግራ ወይ ቀኝ ብለህ ንገረኝ» ይበሉት፤ በስፖኪዮ ካጡት ወዲያው ፍሬን ይያዙ። ቢጋጩ ተጠያቂው መሪ የያዘው ነው።

ካሜራ ላይ ብቻ መንዳት

የተለመደው የኋላ ካሜራ የሚያሳየው ኋላውን ብቻ ነው፤ ጎንና ፊት የለበትም። ሰፊ ሌንሱም ነገሮችን ያርቃል። በዝናብ ወቅት ጭቃ ሲሸፍነው ምንም አያዩም፤ ከመነሳትዎ በፊት በጨርቅ ይጥረጉት። በአዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ዳር የተተከሉት አጫጭር ምሰሶዎች ግን በኋላ መስታወት ፈጽሞ ስለማይታዩ ለእነሱ ካሜራ እውነተኛ ጥቅም አለው። ካሜራ ከሌለዎት ወርደው ይዩ። ማንም አይስቅብዎትም፤ ቢስቅም ፓራውልት ይበልጣል።

አንዴ ካልገባ ብሎ መታገል

አንግሉ የተበላሸ መኪና በኋላ ማርሽ ውስጥ አይስተካከልም። ወደ ፊት ይውጡ። መሪውን በተቃራኒው ሰብረው አንድ ሜትር ያህል ወደ ፊት ቢሄዱ መኪናው ቀጥ ይላል፤ ከዚያ እንደገና ይመለሱ። የሠለጠነ ሹፌርም ጠባብ ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይወጣል ይገባል።

መንገድ ዳር፣ ከሁለት መኪና መሀል

ቦታው ከመኪናዎ ርዝመት ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ካልበለጠ ለለማጅ አይመከርም። ከፊተኛው መኪና ጎን ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ርቀው የኋላ ፓራውልቶቹን ያስተካክሉ። መሪውን ወደ ቀኝ ሰብረው ይመለሱ፤ በግራ ስፖኪዮ የኋለኛው መኪና ሁለቱም የፊት መብራቶች ሲታዩ መሪውን ቀጥ ያድርጉ። የቀኝ የፊት ጥግዎ የፊተኛውን መኪና ጅራት ሲያልፍ ብቻ ወደ ግራ ይስበሩ። እዚህ የሚቸኩል አፍንጫውን ያስመታል፤ የሚዘገይ ደግሞ የኋላ ቸርኬውን ከጠርዙ ጋር ያፋጫል። ከጠርዙ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር መቅረት በቂ ነው።

ቁልቁለትን እንደ ሜዳ መቁጠር

እንደ ቸርችል ጎዳና ባለ ተዳፋት ላይ አፍንጫዎ ወደ ላይ ከሆነ መኪናው ወደ ኋላ በራሱ ይወርዳል፤ ሥራው ሁሉ የፍሬን ነው። አፍንጫው ወደ ለገሃር ከዞረ ግን ወደ ኋላ ሽቅብ ነው የሚሄዱት፤ ማኑዋል ላይ ነዳጅ የሚያስፈልገው ያኔ ነው፣ የእጅ ፍሬን ይዘው ይጀምሩ። ካቆሙ በኋላ ቁልቁል ከሆነ የፊት ጎማዎቹን ወደ ቀኝ፣ ሽቅብ ከሆነ ወደ ግራ አዙረው ይተዉ፤ ቢንሸራተት ጠርዙ ይይዘዋል። ማኑዋል ከሆነ ለቁልቁል የኋላ ማርሽ፣ ለሽቅብ አንደኛ ማርሽ ያስገቡ። አውቶማቲክ ላይ ፍሬን እንደረገጡ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ፒ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የመኪናው ክብደት ካምቢዮው ላይ ይንጠለጠላል፤ ሲነሱ ከፒ ሲያወጡ «ቋ» የሚለው እሱ ነው።