ሜልበርን የታሰረ ልጅ ለመጠየቅ የምትሄዱ

ሰሞኑን ጎንደር ቤተሰብ ልጠይቅ ገብቼ፣ ቡና ላይ ሳለን አንዲት ጎረቤታችን ሻንጣቸውን ከፍተው አሳዩኝ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በላስቲክ የታሰረ ጠበል። ሜልበርን እህታቸው ጋ ሊሄዱ ነው። የእህታቸው ልጅ እዚያ በወጣቶች ማረሚያ ታስሯል። «እንደደረስኩ ሄጄ እጠይቀዋለሁ» አሉኝ።

እኛ ጋ እስረኛ የሚጠየቀው ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ በር ላይ በመሰለፍ ነው። ሜልበርን ባለችበት የአውስትራሊያ ግዛት፣ በቪክቶሪያ ግን ያለ ቀጠሮ አይገባም። ደክማችሁ ሄዳችሁ ከበር ትመለሳላችሁ።

በመጀመሪያ ልጁ የት እንዳለ አረጋግጡ። ፓርክቪል የሚባለው የወጣቶች ማረሚያ ለከተማው መሀል ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የተከፈተው ቼሪ ክሪክ የሚባለው ማረሚያ ግን ወረቢ ከሚባለው ሰፈር ወዲያ፣ ከከተማ ወጣ ያለ ነው። ከዚያ ወደ ማረሚያው ደውላችሁ የሚገቡትን ሰዎች ስም አስመዝግቡና ቀን ያዙ። እንግሊዝኛው ካልሆነላችሁ 131 450 ደውሉና «አማርኛ» በሉ። ቀንም ሌሊትም አስተርጓሚ ያገናኛሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። እነሱ «ከሰዓት 2» ያሉት የእኛ 8 ሰዓት ነው። አስተርጓሚው በየትኛው አቆጣጠር እንደነገራችሁ ደግማችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ጻፉት።

ሌላው ስም ነው። እዚያ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ የመጨረሻ ስም ይጠራል። እኛ ጋ እናት በአባቷ ስም ትጠራለች፣ ልጅ በአባቱ። ስለዚህ «በእርግጥ እናቱ ነሽ?» ቢሏችሁ አይክፋችሁ። ፎቶ ያለበት መታወቂያ የግድ ነው። የልጁን የልደት ሰርተፊኬት ጨምራችሁ ብትይዙ ክርክር ይቀንሳል።

በር ላይ ፍተሻ አለ። ስልክና ቦርሳ ውጭ ይቀራል። ምግብ አይገባም። እናት ባዶ እጇን ልጇ ፊት መቀመጥ እንዴት እንደሚያንገበግባት አውቃለሁ። ጠበል ወይም መስቀል ማድረስ ከፈለጋችሁ ቀጠሮ ስትይዙ ሠራተኞቹን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስትገናኙ «ምን አደረግህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ጉዳዩን ጠበቃው ይያዘው። ግቢው ውስጥ ፓርክቪል ኮሌጅ የሚባል ትምህርት ቤት አለ፤ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ እንቅልፉ ጠይቁት። ስለ አያቱ፣ ስለ ሰፈሩ አውሩት።

ደግሞ አትቅሩ። «አገር ቤት ሄዷል» እየተባለ ከማኅበሩ የተደበቀ ልጅ አውቃለሁ። ለወራት ጠያቂ አልነበረውም። ቤተሰቡ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፣ የሰው ወሬ ፈርቶ ነው። ፈረቃ አላስወጣ ቢላችሁ እንኳ በስልክ ድምፃችሁን ይስማ።

ጎረቤታችን ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ፓስፖርታቸው ውስጥ አስገቡ። በሶውን ግን አላወጡትም። «እህቴ ትብላው» አሉና ሻንጣውን ዘጉ።