ኤሊዎ የሳንባ ምች ሲይዛት፦ በምን ይለዩታል? እንዴትስ ትታከማለች?

ኤሊ እንደ ሰው ድያፍራም (ደረትንና ሆድን የሚለየው፣ ለመተንፈስ የሚያግዘው ጡንቻ) የላትም፤ ሳንባዋ ውስጥ የተጠራቀመውን ንፍጥ በኃይል ስላ ማውጣት አትችልም። ስለዚህ «ጉንፋን ነው፣ ይለቃታል» እየተባለ የሚጠበቅ ሕመም አይደለም። ከዚህ በታች ያለው በብዙ ቤት ለሚገኘው፣ ከዓይኑ ጀርባ ቀይ መስመር ላለው የውሃ ኤሊ ነው።

1. ምልክቱን ይለዩ

ከውሃ ብቅ ስትል አፍንጫዋ ላይ አንድ ሁለት አረፋ ቢታይ ወይም አልፎ አልፎ ብታዛጋ አይደንግጡ። አረፋው ደረቅ ቦታ ላይ ሆናም ከቀጠለ፣ ንፍጥ ከተከተለው፣ አንገቷን አስረዝማ አፏን እየከፈተች የምትተነፍስ ከሆነ ወይም ሲር የሚል ድምፅ ከተሰማ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ምግብ መተውና ቀኑን ሙሉ ከመሞቂያው አለመውረድም ይታከልበት።

ከሁሉም አሳሳቢው አዘንብሎ መንሳፈፍ ነው። የኤሊ ሳንባ ከጀርባዋ ቅርፊት ሥር ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ለመንሳፈፍም ያገለግላታል። አንደኛው ወገን ፈሳሽ ሲቋጥር ይከብዳል፤ ኤሊዋም ወደዚያው ትጋደላለች፣ መጥለቅም ያቅታታል። ይህን ካዩ ለነገ አይበሉ። (የሆድ ጋዝም ሊያዘነብላት ስለሚችል የሚለየው ራጅ ነው።)

2. ቴርሞሜትር ይክተቱ

በእጅ ነክቶ «ሞቅ ይላል» ማለት አይበቃም። ኤሊ ሙቀቷን የምታገኘው ከአካባቢዋ ነው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ በሽታ የመከላከል አቅሟም አብሮ ይዳከማል። ለጤነኛዋ ውሃው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ መሞቂያ ቦታው ከ30 እስከ 35 ይሁን። ለታመመችው ውሃውን ቀስ በቀስ ወደ 27 ወይም 28 ያድርሱት፤ ሌሊትም አይውረድ። የምትተነፍሰው አየር ከውሃው ከቀዘቀዘም ችግር ነው፤ ገንዳውን ከመስኮትና ከማቀዝቀዣ ንፋስ ያርቁት።

3. ጥልቅ ውሃውን ይቀንሱ

አቅም ያጣች ኤሊ ውሃ ውስጥ ልትሰጥም ትችላለች። ሳትዋኝ ቆማ አንገቷን ብቅ ማድረግ እስክትችል ድረስ ውሃውን ያሳንሱት። ጨርሶ ደረቅ ላይ ማስቀመጥ ካስፈለገ በየቀኑ ለብ ያለ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ያኑሯት፤ የውሃ ኤሊ ምግቧን የምትውጠው ውሃ ውስጥ ነው።

4. ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት

ሙቀት ያግዛል እንጂ ባክቴሪያውን አያጠፋም። ተሳቢ እንስሳት የሚያክም ሐኪም ይፈልጉ፤ ሲወስዷት ውሃ በሌለው፣ ፎጣ በተነጠፈበት ሳጥን ይሁን፣ እንዳይበርዳትም ይጠንቀቁ። ሐኪሙ ራጅ ሊያነሳ፣ ከንፍጡም ናሙና ሊወስድ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው እንደ ሴፍታዚዲም ያለ የአንቲባዮቲክ መርፌ ሲሆን በየ3 ቀኑ ለሳምንታት ይሰጣል። መርፌው የፊት እግር ላይ ይወጋል፤ ከኋላ እግር የሚመለሰው ደም ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት በኩላሊት በኩል ሊያልፍ ይችላልና።

ከሰው የተረፈ ክኒን አይስጧት። አይቨርሜክቲን የተባለው የጥገኛ ተውሳክ መድኃኒትማ ኤሊን ይገድላል፤ ለውሻ ተገዝቶ ቤት ቢኖር እንኳ አጠገቧ አይድረስ። ዓይኗ ካበጠ የቫይታሚን ኤ እጥረት ሊኖር ይችላል፤ መጠኑን ግን ሐኪሙ ይወስን፣ የበዛ መርፌ ቆዳዋን ይልጣል።

5. መነሻውን ያስተካክሉ

ደረቅ ሽሪምፕ ብቻ የምትበላ ኤሊ ቫይታሚን ኤ ያጥራታል፤ የኤሊ መኖ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ የተከተፈ ካሮትና ዱባ ይጨምሩላት። ውሃውን ያጣሩ፣ በየጊዜውም ይቀይሩ። ቡና በሚፈላበት ክፍል ገንዳ ካለ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወር፤ የእጣን ጭስ ለታመመ ሳንባ አይሆንም።

ሌላ ኤሊ ካለች የታመመችውን ለብቻ ያድርጓት። ኤሊ ሳልሞኔላ የተባለውን ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ ስለምትሸከም ገንዳውን የወጥ ቤት ማጠቢያ ውስጥ አይጠቡ፣ እጅዎንም በሳሙና ይታጠቡ። አሜሪካ ቅርፊታቸው ከ4 ኢንች ያነሰ ኤሊዎችን ለቤት እንስሳነት መሸጥ በ1975 የከለከለችው ልጆች በዚሁ ስለታመሙ ነው።

አረፋው ቆሞ መብላት ብትጀምርም የታዘዘው መርፌ ሳያልቅ አያቋርጡ።