ኤሲ አላቀዘቅዝ ሲል፦ ጋዝ ከማስሞላት በፊት የሚሠራ ሥራ

ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ የሚኖር ሰው ኤሲው ማቀዝቀዝ ሲያቅተው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ጋዙ አልቋል፣ ይሞላ» የሚል ነው። ጋዝ ግን እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ የክፍሉን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይዞራል። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳው ሳይደፈን የተሞላ ጋዝም ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ለጋዝ ከመክፈልዎ በፊት አቧራውን ያጥቡ። የአካባቢዎ ከባድ ሙቀት ሳይጀምር ቢያደርጉት ይመረጣል።

ኮከብ ካቻቪቴ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ሁለት ባልዲ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ የውሃ መርጫ ጠርሙስ፣ ሰፊ ፌስታል፣ የእጅ ባትሪና ቴርሞሜትር ያዘጋጁ።

1. መጀመሪያ ይለኩ። ኤሲውን በ18 ዲግሪ ላይ አድርገው 15 ደቂቃ ያሠሩት። ከላይ አየር የሚስብበትን፣ ከዚያም አየር የሚወጣበትን አፍ ይለኩ። ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ከሆነ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ቁጥሩን ይጻፉት፤ ከታጠበ በኋላ ያነጻጽሩበታል።

2. ብሬከሩን ያጥፉ። በሪሞት ማጥፋት አይበቃም፤ መስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ አለ።

3. ፊልተሩን ይጠቡ። የፊቱን ክዳን ከፍተው መረቦቹን ያውጡ። ውሃውን ከንጹሑ ጎን ወደ ቆሻሻው ጎን ያፍስሱ፤ አቧራው በገባበት ይወጣል። በሙቅ ውሃ አይጠቡ፣ ፀሐይ ላይም አያስጡ፤ ይጣመማል። አቧራ በሚበዛበት ወቅት ይህን በየሁለት ሳምንቱ ያድርጉ።

ፊልተር ሲደፈን አየር ያንሳል፤ የውስጡ ቱቦ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ እርጥበቱም በረዶ ይሆናል። በረዶው ደግሞ የቀረውን አየር ይዘጋል። በረዶ ካዩ ብሬከሩን መልሰው ኤሲውን «ፋን» ላይ ብቻ አድርገው አንድ ሁለት ሰዓት ያቆዩት፤ ከዚያ ብሬከሩን እንደገና ያጥፉ። በቢላ ወይም በካቻቪቴ መፋቅ ቱቦውን ይበሳዋል፤ ጋዙ በእርግጥ የሚወጣው ያኔ ነው።

4. ፋኑንና የአሉሚኒየም ክንፎቹን ያጽዱ። ብዙ ሰው ፊልተሩን አጥቦ እዚህ ያቆማል። አየር በሚወጣበት አፍ በኩል ባትሪ ያብሩና ረጅሙን ክብ ፋን ይዩት፦ ምላጮቹ ትንንሽ ጎድጓዳ ማንኪያዎች ይመስላሉ፤ የእያንዳንዳቸው ጉድጓድ ጥቁር እርጥብ ቆሻሻ ይሞላበታል። ጎድጓዳው ሲሞላ ፋኑ ይዞራል እንጂ አየር አይገፋም። ኤሌክትሪኩ ያለበትን ጎን በፌስታል ሸፍነው፣ ከታች ባልዲ አድርገው፣ ሳሙና የገባበት ውሃ ይርጩ። ፋኑን በእጅዎ ቀስ እያሉ እያዞሩ እያንዳንዱን ምላጭ በብሩሽ ይጥረጉ። ከፊልተሩ ጀርባ ያሉትን ስስ የአሉሚኒየም ክንፎች ከላይ ወደ ታች ብቻ ይቦርሹ፤ ወደ ጎን ከተጠረጉ ይተኛሉ።

5. የውሃ መውረጃውን ይክፈቱ። ውሃ በግድግዳ ላይ የሚንጠባጠበው ብዙውን ጊዜ ቱቦው በአተላ ተዘግቶ ነው። በውጭ በኩል ካለው ጫፍ ውሃም መሳብ በሚችል የአቧራ መሳቢያ ማሽን ይሳቡት፤ ከዚያ ውስጥ ባለው ገንዳ 1 ሊትር ውሃ ቀስ ብለው ያፍስሱ። ሳይቆም መውጣት አለበት። ቱቦው መንገዱን ሁሉ ቁልቁል ይውረድ። ጫፉን ጄሪካን ውስጥ የሚከቱ ሰዎች ውሃው ጫፉን ሲሸፍነው አየር ይታፈንና ውሃው ወደ ክፍል ይመለስባቸዋል።

6. ከቤት ውጭ ያለውን የኤሲ ክፍል ይጠቡ። በተራ የአትክልት ጎማ ይበቃል። የመኪና ማጠቢያ ግፊት ክንፎቹን ያጣምማል። ከኋላው ቢያንስ 20 ሳ.ሜ.፣ ከፊቱ 1 ሜትር ባዶ ቦታ ይተዉ፤ የተነፈሰውን ትኩስ አየር መልሶ ከሳበ የትኛውም ጋዝ አያድነውም።

7. ሲደርቅ እንደገና ይለኩ። ልዩነቱ 8 ከገባ ሥራው አልቋል። ካልገባ ባለሙያ ይጥሩ፤ ግን የሚጠይቁትን ይወቁ። የቱቦ መጋጠሚያ ላይ የዘይት ምልክት ካለ ጋዝ የሚያፈሰው እዚያ ነው፤ በሳሙና አረፋ ይረጋገጣል። ከጥገናው በኋላ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩና እርጥበቱ ወጥቶ፣ ጋዙ በሚዛን ይሞላ፤ ስንት ግራም እንደሚይዝ ማሽኑ ላይ ተለጥፏል። የጋዙ ዓይነትም እዚያው ተጽፏል፦ አር22፣ አር410ኤ ወይም አር32። አይደባለቁም። የአር410ኤ ግፊት የአር22ን 1.6 እጥፍ ያህል ነው፤ ለአር22 የተሠራ ማሽን አይችለውም። አር32 ደግሞ በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ ጋዙ ሳይወጣ ቱቦው አይበየድም።

የውጩ ክፍል እያጉረመረመ የማይነሳ ከሆነ «ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚገፋው ሞተር) ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት ካፓሲተሩ፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ዕቃ፣ ይለካ። አናቱ ካበጠ ሞቷል። ዋጋው ከኮምፕሬሰር ጋር አይወዳደርም። ብሬከር ከጠፋም በኋላ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ በእጅዎ አይንኩት።

መቀየር ሲያስፈልግ

የአር22 ማሽን ኮምፕሬሰሩ ከተቃጠለ ገንዘብ አያፍስሱበት። ይህ ጋዝ የኦዞን ሽፋንን ለመጠበቅ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ኢትዮጵያን ጨምሮ በታዳጊ አገሮች እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከገበያ እንዲወጣ የተወሰነ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ለጥገና የሚሆን ጥቂት ብቻ ነው። ኢንቨርተር ኤሲ ይግዙ፤ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ ጠፍቶ እየተነሳ ኤሌክትሪክ አይበላም።

ለ12 ካሬ ሜትር ክፍል 9,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ)፣ እስከ 18 ካሬ 12,000 ይበቃል። ቆርቆሮው ኮርኒስ ከሌለው ግን ይህ ስሌት አይሠራም። መጀመሪያ ኮርኒስ ያስመቱ፣ ከላዩም ሙቀት የሚከላከል ነገር ያስነጥፉ፤ ያኔ ትንሹ ማሽን ይበቃዎታል። ለ12,000 ቢቲዩ ከሌላ ዕቃ ጋር የማይጋራ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድና 16 አምፔር ብሬከር ያስዘርጉ።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ወዲያው አያብሩ። ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት እስኪመጣጠን 5 ደቂቃ ይጠብቁ።