ልጆችን ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በሰላም ማድረስ፦ ለአዲስ አበባ ወላጆች የተዘጋጀ መመሪያ

ጠዋት ከ1፡00 ሰዓት ጀምሮ የአዲስ አበባ መንገዶች ዩኒፎርም በለበሱ ልጆች ይሞላሉ። አንዳንዶቹ በሰርቪስ፣ ሌሎቹ በታክሲ፣ ብዙዎቹ ደግሞ በእግራቸው ይጓዛሉ። በየትኛውም መንገድ ይጓዙ፣ በእኔ እምነት ወላጅ ከሁሉ በላይ ሊያስብበት የሚገባው ልጁ ከአንድ አዋቂ ጥበቃ ወጥቶ በሌላው ጥበቃ ሥር ገና ሳይገባ የሚያልፉትን ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ከሰርቪስ ወርዶ የግቢውን በር እስኪያንኳኳ፣ ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ ተለይቶ እናቱን እስኪያገኝ፣ ከእግረኛ መንገዱ ወርዶ ማዶ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ማለት ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ምክር በአብዛኛው ይህን ክፍተት ለማጥበብ የታሰበ ነው።

መጀመሪያ መንገዱን ከልጁ ጋር አብረው ይሂዱበት። እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ስለሚል እውነተኛውን አደጋ አያሳይምና፣ ጉዞው በትምህርት ቀንና በትምህርት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። እኔ ራሴ ከልጄ ጋር ስሄድ አንድ መታጠፊያ ላይ ቁጢጥ ብዬ በእርሷ ቁመት መንገዱን ስመለከት፣ ዳር የቆመ አንድ መኪና የሚመጡትን ተሽከርካሪዎች ሁሉ ከዓይኔ ጋርዶብኝ ነበር። ቆሜ ሳይ ግን ሁሉም ነገር በግልጽ ይታየኝ ስለነበር፣ «ግራና ቀኝ እይ» የሚለው ምክራችን ለትንሽ ልጅ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። መንገድ ሲመርጡም አጭሩን ሳይሆን ማቋረጫ የሚያንስበትን ይምረጡ፤ አሥር ደቂቃ ቢያስረዝምም ያዋጣል። ክዳን የሌለውን የፍሳሽ ጉድጓድ፣ የግንባታ ቦታውን፣ ከባድ መኪና ወደ ኋላ የሚወጣበትን በር ለልጁ አንድ በአንድ ያሳዩት። በግንባታ ምክንያት የእግረኛ መንገድ በየጊዜው በሚቀያየርባቸው ሰፈሮች ይህን ፍተሻ በየወሩ መድገም ያስፈልጋል።

መንገድ ማቋረጥን በተመለከተ አንድ ቀላል ስሌት ማወቅ ይጠቅማል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 14 ሜትር ያህል ሲሄድ፣ በ30 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ግን ከ8 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ዕድሜያቸው ከ9 ወይም ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የሚመጣውን መኪና ፍጥነትና ርቀት አገናዝበው የመገመት ችሎታቸው ገና አልዳበረም። ስለዚህ ልጁ የቱንም ያህል ንቁ ቢሆን፣ በትምህርቱም አንደኛ ቢወጣ፣ ትልቅ መንገድ ብቻውን ሊሻገር አይገባም። የ8 ዓመት ታላቅ ወንድምም የ5 ዓመት እኅቱን እንዲያሻግር ኃላፊነት ሊጣልበት አይገባም፤ ሁለቱም ልጆች ናቸውና።

ዜብራ ላይ ለብዙዎች አደጋ ምክንያት የሚሆነው አንዱ መኪና ቆሞ ሲያሳልፍ ከጎኑ ያለው ሳይቆም ማለፉ ነው። በመሆኑም ልጁ የመጀመሪያው መኪና እንደቆመለት ከመሮጥ ይልቅ፣ የሁለተኛው ረድፍ መኪናም መቆሙን አይቶ እንዲራመድ ያስተምሩት። ተማሪ ትራፊኮች በሚቆሙባቸው ማቋረጫዎች ደግሞ የእነርሱን ምልክት እንዲጠብቅ ያስለምዱት። በቀለበት መንገድ ላይ የእግረኛ ድልድዩን ትቶ መከፋፈያውን መዝለል ፈጽሞ የሚፈቀድ ነገር መሆን የለበትም፤ ልጁም ይህን የሚማረው ከወላጁ እግር ነው። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች እንዲሁም ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ በተዘረጋው የቀላል ባቡር መስመር አጠገብ የሚኖሩ ቤተሰቦችም ባቡር እንደ መኪና ቶሎ መቆም እንደማይችልና መሻገር የሚቻለው በተፈቀደው ቦታ ብቻ እንደሆነ ለልጆቻቸው ሊያስረዱ ይገባል። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ቦታ መኪና ከፊት ለፊት እንዲታይ ግራውን ይዘው ይሂዱ፤ አዋቂው በመኪናው በኩል ይሁን፣ ልጁንም በጣቱ ሳይሆን በእጅ አንጓው ይያዙት።

ልጆቻቸው በእግር የሚሄዱ ጎረቤታሞች እንደ ዕቁብ ዙር በተራ ቢያደርሱ ጥሩ ነው። አንድ አዋቂ አራት ወይም አምስት ልጆችን ይዞ ሲሄድ የሌሎቹ ወላጆች ሸክም ይቀላል፣ የልጆቹ ቡድንም ለሹፌሮች ጎልቶ ይታያል።

ወላጆች ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉበት፣ ነገር ግን እምብዛም የማይጠይቁበት ጉዳይ ሰርቪስ ነው። በተለይ ወደ ሩቅ ኮንዶሚኒየም ተዛውረው ልጆቻቸውን በቀድሞው ሰፈር ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸው በየቀኑ ረጅም ሰዓት መኪና ውስጥ ስለሚያሳልፉ፣ ውል ከመግባታቸው በፊት መኪናውን በዓይናቸው ሊያዩ ይገባል። የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ ሕዝብ ለማመላለስ የሚያስችል ምድብ መሆኑን፣ የዓመቱ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት በመስታወቱ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ። ወንበሩንና የሚጫኑትን ልጆች ቁጥር ያነጻጽሩ፤ «ልጆች ስለሆኑ ይጠጋጋሉ» የሚል መልስ ከተሰጠዎት መኪናው ትርፍ እየጫነ ነው ማለት ነው። ሞተር ላይ ወይም ከፊት መስታወት አጠገብ በተጨመረ ዱካ ላይ የሚቀመጥ ልጅ ፍሬን በድንገት ሲያዝ የሚያግደው ነገር የለም።

በሰርቪሱ ውስጥ ከሹፌሩ ሌላ አንድ ረዳት መኖሩን እኔ እንደ ግዴታ እቆጥረዋለሁ። የልጆቹን ስም ዝርዝር የሚይዘው፣ ሲገቡና ሲወርዱ የሚቆጥረው፣ በሩን የሚዘጋው፣ መንገድ ማቋረጥ ካለባቸውም እጃቸውን ይዞ የሚያሻግረው እርሱ ነው። ልጅ ከወረደ በኋላ በመኪናው አፍንጫ ሥር ዞሮ ሊሻገር ሲል ሹፌሩ ላያየው ይችላል፤ ስለዚህ በተቻለ መጠን ቤቱ ባለበት በኩል እንዲወርድ ይስማሙ። ጉዞው ሲያበቃ ረዳቱ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ሄዶ የተኛ ልጅ አለመቅረቱን እንዲያይ፣ ልጅዎ ትምህርት ቤት ካልደረሰም በዚያው ጠዋት እንዲደወልልዎ ውሉ ላይ በጽሑፍ ያስገቡ። በዚህ ረገድ የእኛም ጥፋት አለ፤ የዘገየን ሹፌር በየአምስት ደቂቃው መደወል ልጆቻችንን ይዞ እንዲሮጥና እየነዳ ስልክ እንዲያነሳ መገፋፋት ነው። ለረዳቱ ይደውሉ፣ ወይም ይጠብቁ።

በታክሲ ወይም በባጃጅ የሚሄድ ልጅ ደግሞ ተሽከርካሪው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም አይውረድ፤ ባጃጅ ውስጥም ዳር ሳይሆን መሐል ይቀመጥ።

ከትምህርት ቤት ማን እንደሚረከበው በስም ለትምህርት ቤቱ ያሳውቁ። ከዚህ በተጨማሪ ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀው የይለፍ ቃል ይኑራችሁ፤ «እማማ ታማለች፣ ና ልውሰድህ» የሚል ሰው ቃሉን ካላወቀ፣ ልጁ ሰውየውን ቢያውቀውም እንኳ ወደ ግቢው ተመልሶ ለመምህሩ መናገር አለበት። ስሙን በቦርሳው ውጪ አይጻፉ፤ ማንም ሰው በስሙ ሊጠራውና ሊያባብለው ይችላልና። የስልክ ቁጥርዎን ግን እንደ ፊደል በቃሉ ያስጠኑት።

ውሻ ከነከሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ኃይለኛ ዝናብ ከጣለም ጎርፍ የሸፈነውን መንገድ ከማቋረጥ ይልቅ ባለበት ተጠልሎ እንዲጠብቅ ይንገሩት።

የመኪና አደጋ ከደረሰ ሌላ መኪና የሚመጣበት ወይም እሳት ያለበት ቦታ ካልሆነ በቀር ልጁን አያንሱት፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991 ይደውሉ፣ የሰሌዳ ቁጥሩንም ይመዝግቡ። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ በተሽከርካሪ አደጋ ለተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት ስለሚሰጥ፣ ገንዘብ በእጅዎ ባይኖርም ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም ከመሄድ አያመንቱ።

በመጨረሻም ብዙ ወላጆች የሚዘነጉት የፈተና ሰሞንን ነው። በጥርና በሰኔ ተማሪዎች ፈተናቸውን ጨርሰው ከተለመደው ሰዓት ቀድመው ይለቀቃሉ፤ ሰርቪሱ ግን በወትሮው ሰዓት ሊመጣ ይችላል፣ የሚረከባቸውም ሰው ሥራ ላይ ነው። ፈተናው ከመጀመሩ አንድ ሳምንት በፊት የጊዜ ሰሌዳውን ከትምህርት ቤቱ ተቀብለው አንዱን ቅጂ ለሹፌሩ፣ ሌላውን ለረዳቱ፣ ሦስተኛውን ቤት ለሚቀበለው ሰው ይስጡ፤ ልጁም የሚወስደው ሰው እስኪመጣ ድረስ ከግቢው በር እንዳይወጣ ከዘበኛው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።